መቻል መጮኽ ጀመረ፤ ተበላሸ ወይስ እየዳነ ነው?

ጥያቄ፦ «ሰላም ዶክተር። ከአንድ የውሾች መጠለያ ውሻ ወስደን ነበር። ስሙ መቻል ነው። ሦስት ዓመት ገደማ ይሆነዋል ብለውናል። መንገድ ዳር ወድቆ ነው ያገኙት። መኪና የኋላ እግሩን ገጭቶታል። አንገቱ ላይ የታሰረው ሽቦ ሥጋው ውስጥ ገብቷል። እከክ ፀጉሩን ጨርሶታል፤ አጥንቱ ይቆጠራል። አምስት ወር አክመው ሰጡን። እኛ ጋ ከመጣ ሰባት ሳምንቱ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሳምንታት ድምፁን አልሰማንም። ሮቶው ሥር ተኝቶ ይውላል። እንዴት ያለ ጨዋ ውሻ ነው አልን። አሁን ግን ሌላ ውሻ ሆነ። ሌሊት ይጮኻል። የባለቤቴን ጫማ በላው። መጥረጊያ ሳነሳ መሬት ላይ ተለጥፎ ይሸናል። ትናንት ደግሞ እየበላ ሳለ የስምንት ዓመት ልጄ ሊደባብሰው ሲጠጋ አጉረመረመበት። ጥርሱ እጁን ጫረው፤ አልደማም። እናቴ አንዴ የተበላሸ ውሻ አይድንም፣ መልሱት ትላለች። ማታ ማታ ትራፊ የምታስቀምጥለት ግን ራሷ ናት። እውነት ተበላሽቶ ነው? እንመልሰው?»

መልስ፦

እህቴ፣ ከልጅሽ እጅ ልጀምር። ሌላው ሁሉ መጠበቅ ይችላል፤ ይህ አይችልም።

«አልደማም» ብለሽ አልፈሽዋል። የእብድ ውሻ በሽታ ግን ደም እስኪፈስ አይጠብቅም። ቫይረሱ የሚተላለፈው በምራቅ ነው፤ ትንሽ ጭረት ይበቃዋል። በሽታው ምልክት ማሳየት ከጀመረ በኋላ ደግሞ የሚያድን ሕክምና የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ይህን አንብበሽ ሳትጨርሺ እጁን በወራጅ ውሃና በሳሙና እጠቢው። ለ15 ደቂቃ ነው የሚታጠበው። 15 ደቂቃ ረጅም ነው፤ ሰዓት እያየሽ ቁጠሪ። ትናንት መሆን ነበረበት፣ ግን ዛሬም ይታጠብ። ከዚያ ልጁን ይዘሽ ጤና ጣቢያ ሂጂ። ክትባቱ እነሱ ጋ ከሌለ የት እንዳለ ይነግሩሻል። አዲስ አበባ ከሆንሽ ብዙ ሰው እስከዛሬ «ፓስተር» የሚለው የኢትዮጵያ ኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ለዚህ ሥራ የታወቀ ነው። ክትባቱ በአንድ መርፌ አያልቅም፤ ሐኪሙ የሚሰጥሽን ቀጠሮ አንዱንም አትዝለዪ።

ወደ መጠለያውም ደውይና የመቻልን የክትባት ካርድ ጠይቂ። መቼ ተከተበ? ማን ከተበው? ካርዱን ለልጁ ሐኪም አሳይው፤ ውሳኔው ላይ ይረዳዋል።

አሁን «እንመልሰው ወይ» ላልሽው የመጀመሪያው መልሴ ይኸውልሽ። ለሚቀጥሉት 10 ቀናት መቻል ከግቢሽ አይወጣም። አይሰጥም፣ አይጣልም፣ ማንም አይገድለውም። ሲነክስ ምራቁ ውስጥ ቫይረስ የነበረበት ውሻ በ10 ቀን ውስጥ ራሱ ይታመማል ወይም ይሞታል። 10 ቀን በልቶ፣ ጠጥቶ፣ በጤናው ከሰነበተ በዚያች ቀን ቫይረስ አላስተላለፈም ማለት ነው። ውሻው ከጠፋ ግን ይህን ማወቂያ መንገድ አጣሽ። በነዚህ ቀናት የድምፅ መቀየር፣ መዋጥ ማቃት፣ ለሃጭ ማዝረብረብ፣ መንገዳገድ ወይም ያገኘውን ሁሉ መንከስ ካየሽ አትጠጊው። በር ዘግተሽ ወዲያው የእንስሳት ሐኪም ጥሪ።

ጎረቤት ጸበል ውሰጂው፣ ወይም ሥር የሚያጠጣ አዋቂ አለ ይልሽ ይሆናል። ጸበሉን አልከለክልሽም፤ እኔም የማምንበት ነው። ክትባቱ ግን ይቅደም። በሥራዬ ከሰማኋቸው አሳዛኝ ታሪኮች ብዙዎቹ መድኃኒት ጠፍቶ የሆኑ አይደሉም። ሌላ ነገር ሲጠበቅ ጊዜው ያለፈባቸው ናቸው።

ልጁን ወስደሽ ከተመለስሽ በኋላ ቀሪውን አንብቢ።

መቻል አልተበላሸም። እንዲያውም ከጻፍሽልኝ ሁሉ እኔን የከበደኝ አሁን የሚያደርገው አይደለም። የከበዱኝ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ናቸው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ከሮቶ ሥር ያልወጣ፣ አንዴ እንኳ ድምፁን ያላሰማ ውሻ ጨዋ ሆኖ አይደለም። ፍርሃት አደንዝዞት ነው። ውሻ መጠለያ ሲገባ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ኮርቲሶል የተባለው የጭንቀት ሆርሞን ደሙ ውስጥ በጣም ከፍ እንደሚል በምርመራ ታይቷል። ከመጠለያ ወደ ሰው ቤት ሲመጣም ለእሱ ሌላ መፈናቀል ነው። አምስት ወር የለመደው ሽታ፣ የለመደው ጎረቤት ውሻ፣ ቁስሉን ያጠበችለት ልጅ፣ ሁሉም በአንድ ቀን ጠፉበት። ለእናንተ የደስታ ቀን ነበር። እሱ ግን ይህን አያውቅም።

ይህን ዝምታ በደንብ ያስረዳኝ አንድ አሮጌ ሙከራ ነው። በ1967 እ.ኤ.አ. ማርቲን ሴሊግማንና ስቲቨን ማየር የተባሉ ተመራማሪዎች በፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ በውሾች ላይ ያደረጉት ነው። ጭካኔ አለበት፤ ሳስታውሰው አሁንም ያመኛል። ውሾቹን አስረው በኤሌክትሪክ ይነዝሯቸዋል። አንደኛው ቡድን ጭንቅላቱን በአጠገቡ ካለው ሰሌዳ ጋር ሲያገናኝ ንዝረቱ ይቆምለታል። ሁለተኛው ቡድን ምንም ቢያደርግ አይቆምለትም። በማግስቱ ሁሉንም ትንሽ አጥር ዘለው ማምለጥ የሚችሉበት ሳጥን ውስጥ አስገቧቸው። የመጀመሪያዎቹ ዘለው አመለጡ። ከሁለተኞቹ ብዙዎቹ ግን ተኝተው እያላዘኑ ንዝረቱን ተቀበሉት። መውጫው እዚያው ፊታቸው ነበር።

ተመራማሪዎቹ ያኔ ውሾቹ ተስፋ መቁረጥን ተማሩ ብለው ጻፉ። ከሃምሳ ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ2016 እ.ኤ.አ.፣ ሁለቱ ሰዎች ያንኑ የራሳቸውን ድምዳሜ አረሙት። መፍዘዙ ትምህርት አይደለም አሉ። መከራ ሲረዝም አንጎል በተፈጥሮው ይፈዝዛል። ትምህርት የሚያስፈልገው ሌላው ነገር ነው፤ የማደርገው ነገር ለውጥ ያመጣል ብሎ ማወቅ።

አሁን መቻልን በዚህ ዓይን እይው። ሽቦ አንገቱን ሲበላው ቢጮኽም ያወለቀለት አልነበረም። እናንተ ጋ ደግሞ ሦስት ሳምንት ሙሉ ማንም አልመታውም። ምግብ በሰዓቱ መጣ። ቀስ ብሎ አንድ ነገር ሞከረ። ጮኸ። ሰው ወጥቶ አየ፤ ማንም አልገረፈውም። እንደገና ጮኸ። ድሮውንም አባቶቻችን ውሻ በበላበት ይጮኻል ብለዋል። መቻል ሌሊት የሚጮኸው ይህ ግቢ የእሱ መሆኑ ስለገባው ነው።

እኔም በዚህ ተሳስቼ አውቃለሁ። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንዲት ከጎዳና የተነሳች ውሻ ክሊኒክ ውስጥ አክሜ ነበር። እግሯን ስሰፋላት እንኳ አልተንቀሳቀሰችም። ሊወስዷት ለመጡት ቤተሰቦች «በጣም ጸጥተኛ ናት፣ ልጆች ላሉበት ቤት ትሆናለች» አልኳቸው። በወሩ መለሷት። ትጮኻለች፣ ሕፃኑ ሲጠጋት ጥርሷን ታሳያለች አሉ። ጥፋቱ የእነሱ አልነበረም፤ የእሷም አልነበረም። የፈዘዘች ውሻን የዳነች ብዬ የሰጠሁ እኔ ነኝ። ምን እንደሚመጣ ብነግራቸው ኖሮ ይጠብቋት ነበር። ለዚህ ነው አንቺ ሰባተኛው ሳምንት ላይ ሳትመልሺው በመጠየቅሽ ደስ ያለኝ።

ብዙ መጠለያዎች ለቤተሰብ የሚነግሩት አንድ ቀላል ልክ አለ። ሦስት ቀን፣ ሦስት ሳምንት፣ ሦስት ወር። በሦስት ቀን ድንጋጤው ይበርዳል። በሦስት ሳምንት የቤቱን ሥርዓት ያውቃል፤ እውነተኛ ጠባዩም ብቅ ማለት ይጀምራል። በሦስት ወር ቤቴ ነው ይላል። ሕግ አይደለም፤ ግምት ነው። እንደ መቻል ሽቦና መኪና ያየ ውሻ ከዚህ በላይ ሊፈጅበት ይችላል። እናንተ ግን መሀሉ ላይ ናችሁ፤ በጣም አስቸጋሪው ቦታ ላይ።

አንድ ነገር ከሙያዬ ላካፍልሽ፤ ለቀሪው ሁሉ ቁልፉ እሱ ይመስለኛል። አጥንቱ እስኪቆጠር የተራበ ውሻ መጠለያ ሲመጣ የምናየው ትልቁ አደጋ ደግ ሰው ነው። አዝኖለት አንድ ሳህን ሙሉ ሥጋ ይሰጠዋል። ሰውነቱ ግን ረሃቡን ተላምዷል። ድንገት ብዙ ምግብ ሲገባ ደሙ ውስጥ ያለው ፎስፌት የተባለ ማዕድን ወደ ሴሎቹ ይሸሻል፤ ልቡና ጡንቻው ይከዱታል። ጠግቦ የሚሞት ውሻ አለ። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን ከሚያስፈልገው ሩቡን ያህል ብቻ፣ ያንንም ከፋፍለን እንሰጠዋለን። ከዚያ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እንጨምራለን። ይጮኽብናል፣ ይለምነናል። ልብ ይሰብራል። ግን እንዲህ ነው የሚተርፈው።

ፍቅርም ልክ እንደዚሁ ነው። ፍቅር ተርቦ የኖረ ውሻ ቤት ሲገባ ሁሉም ሊያቅፈው ይፈልጋል። ልጁ ይዳብሰዋል፣ ዘመድ መጥቶ ያየዋል፣ ፎቶ ይነሳል። እሱ ግን የሰው እጅ ወደ አንገቱ ሲመጣ የሚያውቀው ሽቦውን ነው። ሩቡን ስጡት። እሱ ሲጠጋ ጨምሩ።

ባህርዩን ከማስተካከልሽ በፊት ሰውነቱን አሳይልኝ። የሚያመው ውሻ ያጉረመርማል። ተገጭቶ የዳነ እግር ብርድና ዝናብ ሲሆን ይጠዘጥዛል። ሲነሳ ይቸገራል? አንዱን እግር ያሳርፋል? እየበላ ሳለ ከኋላው ሲጠጉት ይብስበታል? የእንስሳት ሐኪም ይዳስሰው። ቤት ውስጥ ያለውን የሰው ማስታገሻ ግን እንዳትሰጪው። ዳይክሎፌናክም፣ አይቡፕሮፌንም፣ ፓራሲታሞልም ውሻን ይጎዳሉ፤ ጨጓራውን ያደማሉ፣ ኩላሊቱንና ጉበቱን ያበላሻሉ። እግረ መንገድሽን ተኮላሽቶ እንደሆነና የትል መድኃኒት መቼ እንደወሰደ ጠይቂ፤ መዥገር ካለበትም ይታይለት። እከኩ እንደገና ከተነሳ፣ በተለይ ከእናንተ አንዱን ማሳከክ ከጀመረው፣ ለከብት የሚወጋውን አይቨርሜክቲን የተባለ መድኃኒት ከገበያ ገዝተሽ በግምት አትውጊው። ልኩ ሲሳሳት ውሻው ይንዘፈዘፋል፣ ይሞታልም።

አሁን የምግቡ ነገር። እዚህ ላይ ቆም እላለሁ፤ ልጅ ስላለበት።

መቻል ያደገው ቀድሞ ያልዋጠ በማይበላበት ቦታ ነው። ሥጋ ቤት በር ላይ ቅንጥብጣቢ ሲጣል አይተሽ ታውቂያለሽ። እዚያ የሚጠጋ ሁሉ ቀማኛ ነው። ልጅሽ በፍቅር ተጠጋው፤ እሱ ግን ሊቀማው የመጣ መሰለው። መጀመሪያ ምን አደረገ? አጉረመረመ። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ማጉረምረም የውሻ «እባክህ ራቅ» ማለት ነው። ከእንግዲህ ሲያጉረመርም ማንም እንዳይመታው፣ እንዳይቆጣው። ሲያጉረመርም የተመታ ውሻ መናከስ አይተውም። ማስጠንቀቅ ነው የሚተወው። ቀጥሎ ሳይናገር ይነክሳል።

ከዛሬ ጀምሮ ልጁ በምግብ ሰዓት አይጠጋም። ነጥብ። ሳህኑን ሰው በማያልፍበት፣ ግን የሚመጣውን ሰው ከሩቅ ማየት በሚችልበት ቦታ አስቀምጪለት። ጀርባውን ለግድግዳ ይስጥ። ከዚያ አንቺ ወይም ባለቤትሽ ይህን ሥሩ። እየበላ ሳለ በሩቁ እለፉ፣ እንበል ሦስት ሜትር ርቃችሁ። ስታልፉ ከሳህኑ ውስጥ ካለው የሚበልጥ ነገር፣ የተቀቀለ ሥጋ ቁራሽ ወይም ጉበት፣ ወደ እሱ ወርወር አድርጉና ሳትቆሙ ሂዱ። አትናገሩ፣ አትዩት። በሚቀጥለው ቀንም እንደዚያው። ሰውነቱ ድርቅ ካለ፣ አንገቱን ሳህኑ ላይ ከደፋ፣ መብላቱን ካፈጠነ፣ በጣም ቀርባችኋል ማለት ነው፤ ራቁ። ከቀናት በኋላ ስታልፉ ቀና ብሎ ጭራውን እየቆላ ይጠብቃችኋል። ያን ጊዜ ግማሽ ሜትር ቅረቡ። ሳምንታት ይፈጃል። ሳህኑን እየነጠቁ «ይልመደው» የሚሉ ሰዎች አሉ። እባክሽ አትስሚያቸው። የሚለምደው ሰው በእርግጥ ቀማኛ መሆኑን ነው።

ልጅሽን ደግሞ የውሻ ቋንቋ አስተምሪው። ስምንት ዓመት ለዚህ በጣም ጥሩ ዕድሜ ነው፤ ከትልቅ ሰው ይልቅ ቶሎ ያያሉ። ምግብ ሳይኖር አፍንጫውን የሚልስ፣ ሳይደክመው የሚያዛጋ፣ ፊቱን የሚያዞር፣ የዓይኑ ነጭ የሚታይ ውሻ ተጨንቋል። ጭራ ስለቆላ ብቻም ደስ ብሎታል ማለት አይደለም። ጭራው ቀጥ ብሎ ቆሞ ጫፉ ብቻ ከተርገፈገፈ ወደኋላ ማለት ነው። የሚጮኽ ውሻ አይናከስም የሚባለውንም አትመኑት፤ እየጮኹ የሚናከሱ ብዙ አክሜያለሁ። መቻል ራሱ ሲመጣ ልጁ በጎኑ ይቀመጥ፣ ፊት ለፊት አይደለም። ደረቱን ወይም ጎኑን ሦስት እስኪቆጥር ይዳብሰውና እጁን ያንሳ። መቻል ከቆየ፣ ከተጠጋ፣ ይቀጥል። ዞር ካለ ይተወው። አንገት ማቀፍ የለም። አናት ላይ እጅ መዘርጋት የለም። ሁለቱ ብቻቸውን ደግሞ ለጊዜው አይተዉ፤ ሻይ ለማፍላት ለአምስት ደቂቃም ቢሆን።

መጥረጊያው ቀላል ነው። የሚሸናው ለክፋት አይደለም፤ «አትምታኝ» እያለሽ ነው። ስለዚህ አትቆጪው፤ ዝም ብለሽ ጥረጊው። መጥረጊያውን ግቢው ውስጥ መሬት ላይ አጋድመሽ ተይው። ዙሪያው ላይ ምግብ በትኝ። ለቀናት ማንም አያንሳው። እየበላ በላዩ መራመድ ሲጀምር ከሩቅ ሆነሽ በቀስታ አንሺው፣ መልሰሽ አስቀምጪው፣ ምግብ ወርውሪ። ጫማውማ ቁም ሳጥን ውስጥ ይግባ። ለእሱ ደግሞ የሚያኝከው ነገር ስጪው።

የሌሊቱ ጩኸት ግን ሁለት ነገር ያስነሳል። አንደኛ፣ ጅብ ወደ ሰፈራችሁ ይመጣል? የከተማ ዳር ከሆናችሁ ሌሊት አጥር ሥር ማለፉ አይቀርም። ጅብ ውሻ ይበላል፤ መቻልም ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። አጥሩ ሥር ቀዳዳ ካለ ይደፈን። የሚጠለልበት ጣሪያ ያለው፣ ከመሬት ከፍ ያለ ደረቅ ቤት ይሠራለት። ሁለተኛ፣ ማንም ሰው «ቀን ቀን እሰሩት፣ ሌሊት ይበረታል» ቢላችሁ እሺ አትበሉ። በየግቢው የለመድነው ነገር ነው፤ አውቃለሁ። ቀን ታስሮ የዋለ ውሻ የሚማረው የሚጠጋውን ሁሉ መጥላት ነው። የመቻል አንገት ላይ ደግሞ ሽቦ የበላው ጠባሳ አለ። ሰንሰለት አይንካው። ሲወጣ ደረቱ ላይ በሚታሰር ማሰሪያ ይውጣ።

በዓል ሲመጣ ቀድመሽ ተዘጋጂ። ርችት፣ የሚያርድ ሰው፣ የተከፈተ በር፣ የማያውቀው እንግዳ፤ ለእሱ ሁሉም በአንድ ቀን ነው የሚመጣበት። ብዙ ውሻ የሚጠፋው በእንዲህ ያለ ቀን ነው። ከጠዋት ጀምሮ ጸጥ ባለ ክፍል ወይም ጓዳ ውስጥ ይቆይ። ከታረደው በግ ደግሞ ጥሬ ሳንባና ጉበት አትወርውሩለት። ውሃ የቋጠረ እብጠት ካለበት ውስጡ ያሉትን የትል ልጆች ይውጣቸዋል፤ ሆዱ ውስጥ ያድጋሉ፣ እንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ይወጣል። ያ እንቁላል የልጅሽ እጅ ላይ ቢገባ በሰው ጉበትና ሳንባ ውስጥ ለዓመታት የሚያድግ ከረጢት ይፈጥራል። ቀቅላችሁ ስጡት። ያበጠውን ቅበሩት።

የመቻልን የእብድ ውሻ ክትባት በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር፣ ከጥያቄሽ ትንሽ ቢወጣም። በየዓመቱ መድገሙ ለመቻልና ለልጅሽ ብቻ አይደለም። በ2003 እ.ኤ.አ. ባሌ ተራሮች፣ ዌብ ሸለቆ ውስጥ የእብድ ውሻ በሽታ ተነስቶ እዚያ ከነበሩት ቀይ ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉን ጨረሰ። የመጣው ከቤት ውሾች ነው። በዓለም ላይ የእኛ አገር ብቻ የሆነ እንስሳ ነው። አንድ ውሻ በተከተበ ቁጥር በሽታው የሚሄድበት አንድ መንገድ ይዘጋል።

እናትሽ «የተበላሸ ውሻ አይድንም» ማለታቸውን አልንቅም። ብዙ የተናከሰ ውሻ አይተው ይሆናል። ግን አንድ ታሪክ ንገሪልኝ። በ2007 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ቨርጂኒያ ውስጥ የማይክል ቪክ፣ የታዋቂው የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋች፣ ውሻ ማዋጊያ ቤት ተያዘ። ከዚያ ግቢ ወደ 50 የሚጠጉ ውሾች ወጡ። ለውጊያ ተብለው የተዳቀሉ፣ በሰንሰለት የኖሩ ናቸው። ስለ እንስሳት የሚሟገቱ ድርጅቶች ሳይቀሩ ከመግደል ሌላ መፍትሔ የለም ያሉ ነበሩ። አንድ በአንድ ሲመረመሩ በጠባዩ አይሆንም ተብሎ እንዲገደል የተወሰነበት አንድ ብቻ ሆነ። 22ቱ ዩታ ወዳለው ቤስት ፍሬንድስ መጠለያ ሄዱ፤ ሌሎቹም ለሌሎች ተሰጡ። ብዙዎቹ ሰው ሲያዩ አልተናከሱም። እንደ መቻል መሬት ላይ ተለጥፈው ተንቀጠቀጡ። ከነዚያ ውስጥ አንዱ፣ ጆኒ ጀስቲስ የተባለው፣ በኋላ ልጆች መጽሐፍ ሲያነቡ አጠገባቸው ተኝቶ የሚያዳምጥ ውሻ ሆኗል።

የአበሻ ውሻ ሰው አይሆንም የሚለውንም ተይው። መቻል መኪና፣ ረሃብ፣ ሽቦና ጅብ አልፎ የተረፈው ብልህ ስለሆነ ነው። ያው ብልሃት ነው አሁን የእናንተን ቤት የሚያጠናው።

ስለዚህ አትመልሱት። ልጁ ይታከም፣ 10 ቀኑ ይለፍ፣ እግሩ ይታይ፣ የምግቡን ልምምድ ጀምሩ። ወር ሞክራችሁ ማጉረምረሙ ከበረታ ወይም እንደገና ጥርሱ ሰው ላይ ካረፈ ግን አትደብቂ፤ ሐኪም ጋ ይዘሽው ነይ። ልጅ ለሌለበት ቤት የሚሻል ውሻም አለ። እንዲህ ያለውን ከመጠለያው ጋር ተነጋግሮ ቤት ማዛወር መጣል አይደለም።

እናትሽን ደግሞ ቤት ውስጥ ይግባ ብለሽ አታስጨንቂያቸው። ውሻ ከደጅ እንጂ ከቤት አይገባም የሚል ሰው ውሻ ይጠላል ማለት አይደለም። በረንዳ ላይ፣ ደረቅ ማደሪያ ይዞ፣ ሳይታሰር የሚኖር ውሻ በደንብ ሊወደድ ይችላል። እሳቸውማ ሥራውን ጀምረውታል። በየማታው፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ሳይነኩት፣ ምግብ አስቀምጠውለት ይሄዳሉ። እኔ ከላይ በዚያ ሁሉ ቃል ያልኩት ይኸው ነው። ማታ በር ሲከፈት መቻል ከሮቶው ሥር ወጥቶ ወደማን እንደሚሄድ እስቲ ልብ በይ።

አንድ ነገር ብቻ ንገሪያቸው። የሚያስቀምጡለት ወጥ ከሆነ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት አለበት፤ የእኛ ወጥ ያለ እሱ አይሠራም። ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ይሰብራል፤ መብሰሉም አያድነውም። ለእያንዳንዱ ኪሎ የውሻው ክብደት ከ15 እስከ 30 ግራም ሽንኩርት እሱን ለመጉዳት ይበቃል። ትንሽ ትንሽ በየቀኑም ይጠራቀማል። የዶሮ አጥንትም ይሰነጠቅና አንጀት ይበሳል። በእሱ ፋንታ ሩዝ በትንሽ ሥጋ፣ ያለ ጨው፣ ያለ በርበሬ ይቀቀልለት። አልፎ አልፎ እንቁላል ይጨመርበት። ሳህኑን ግን እንደ ድሮው እናትሽ ያስቀምጡለት።